የቼስተር ዘፈኖች በኤሚሊ ድምፅ

የሊንኪን ፓርክ አዲሷ ዘፋኝ ኤሚሊ አርምስትሮንግ የሟቹን ዘፋኝ የቼስተር ቤኒንግተንን ዘፈኖች መዝፈን አለባት ወይስ የለባትም? ደብረ ማርቆስ ላይ ይህ ጥያቄ የሚያሳስበው ሰው ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያሳስበን ግን አለን። ቡና ላይ እንከራከራለን። መንገድ ላይ ቆመን እንከራከራለን። አንዱ ይናደድና ተነስቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይመጣና ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም የያዝኩት አቋም አለኝ። ዛሬ እሱን ልጻፈው።

ባንዱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። ሊንኪን ፓርክ በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ የሮክ ባንድ ነው። መጀመሪያ ስሙ «ዜሮ» ነበር፤ ፈረንጆቹ በኤክስ ፊደል ነበር የሚጽፉት። የአሪዞናው ልጅ ቼስተር በ1999 መጣ። በ2000 «ሃይብሪድ ቲዮሪ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፤ በ2003 «ሜቴዎራ» ተከተለ። ከዚያ በኋላ የማያውቃቸው አገር አልነበረም። ማይክ ሺኖዳ ራፕ ያደርጋል፤ ቼስተር ይዘፍናል፣ ይጮኻል። ማይክ ነገሩን ረጋ ብሎ ያስረዳል። ቼስተር ያንኑ ነገር ይቃጠልበታል። የባንዱ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ቼስተር ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 41 ዓመቱ ነበር። ባንዱ ከዚያ በኋላ ከአንድ የመታሰቢያ ኮንሰርት በቀር ሰባት ዓመት ያህል መድረክ ላይ ሳይታይ ቆየ። በ2024 ከአዲሷ ዘፋኝ ከኤሚሊና ከአዲስ አልበም ጋር ተመለሰ። የአልበሙ ስም «ፍሮም ዚሮ» ይባላል፤ «ከዜሮ» ማለት ነው።

እኛ ጋ ሊንኪን ፓርክ የደረሰው በፍላሽ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የሚመጡ የሰፈር ልጆች ይዘውልን ይመጡ ነበር። ስልክ ቤት ሄደን ሚሞሪ ላይ እናስጭናለን። የዘፈኖቹ ስም ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ነበር የሚመጣው። «ነም» የሚባለውን ዘፈን ለረጅም ጊዜ «ትራክ 13» እያልን ነበር የምንጠራው፤ የ«ሜቴዎራ» የመጨረሻው ዘፈን ስለሆነ። ግጥሙን እየሰማን ደብተር ላይ እንገለብጣለን። አንዱ የሰማውን ሌላው ያርማል። ክፍል ውስጥ ለእንግሊዝኛ እጁን የማያነሳ ልጅ ለዚያ ግጥም መዝገበ ቃላት ይገልጥ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ከጓዳ ወጥታ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለችኝ። ድምፁን ቀንስ አላለችም። የጠየቀችው ስለ ልጁ ነው። እኔ «ዘፈን ነው እማዬ» ብዬ መለስኩላት። «ዘፈንማ ነው፤ ግን አንድ ነገርማ አለው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቼስተር የሞተ ዕለት ያ ንግግሯ መጣብኝ። ቋንቋውን አንዲት ቃል አታውቅም። ከኛ ከደብተረኞቹ በላይ ሰምታው ነበር።

አሁን የክርክሩን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቃድ አልጠየቅኩም።

አንዱን ቲቸር እንለዋለን። ፊዚክስ ያስተምራል። ከሁላችንም በላይ ባንዱን የሚያውቀው እሱ ነው። የትኛው ዘፈን በየትኛው አልበም ስንተኛ እንደሆነ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። አቋሙ ግልጽ ነው። «ሥራቸውን ይቀጥሉ፤ ማን ከለከላቸው? ስሙን ግን ይቀይሩ» ይላል። ለሱ ሊንኪን ፓርክ ሐምሌ 13 ላይ አብቅቷል።

ሁለተኛውን የኔታ እንለዋለን። አሁን የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት አለው። ልጅነቱን ያሳለፈው በቆሎ ተማሪነት ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሯል። ሮክን የወደደው ከሁላችን ዘግይቶ ነው። የገባበት በር ደግሞ የሚገርም ነው። ሜቴዎራ ግሪክ አገር ያለ የቦታ ስም ነው። እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው በቆሙ አለቶች አናት ላይ የተሠሩ የኦርቶዶክስ ገዳማት አሉበት። ባንዱ አልበሙን የሰየመው በዚያ ቦታ ነው። የኔታ ይህን ሲሰማ «እስቲ አምጡት» አለ። ሰማው። በዚያው ቀረ።

ሦስተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ባንዱን ያገኘችው በጌም በኩል ነው። «ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» የተባለው ዘፈን የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የ2024 የዓለም ሻምፒዮና መዝሙር ነበር። ስለዚህ ለእህቴ የሊንኪን ፓርክ ዘፋኝ ማለት ኤሚሊ ናት። ቼስተርን ያወቀችው ወደ ኋላ ሄዳ ነው። መጀመሪያ ይህን ስትነግረን ቲቸር መልስ አጣ። እኔም ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው ግን ከኛ ሁሉ ጤነኛ ጆሮ ያላት እሷ ናት። ሐዘን ሳይጋርዳት ነው የሰማችው።

ስለ ዝምታው ዘመንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ባንዱ «ሎስት» የሚባል ዘፈን አወጣ። ለ«ሜቴዎራ» ተቀድቶ ሳይወጣ 20 ዓመት የተቀመጠ ዘፈን ነው። ድምፁ የወጣቱ የቼስተር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ክልላችን ውስጥ ሞባይል ዳታ ተዘጋ። ለረጅም ጊዜ ስልካችን ላይ የነበረው የመጨረሻው አዲስ ዘፈን «ሎስት» ሆነ። ከዓለም ተቆርጠን የሞተ ሰው አዲስ ዘፈን ደጋግመን ሰማን። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ያን ጊዜ ዘፈኑን የያዘ ሰው ሁሉ ከባንዱ ተጨማሪ ነገር አይጠብቅም ነበር። እኔም አልጠበቅኩም። ያለን ይበቃናል ብለን ነበር።

ስለዚህ ዜናው ሲመጣ ልባችን ተዘጋጅቶ አልነበረም። ባንዱ ድረ ገጹ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አወጣ። ከ100 ሰዓት ጀምሮ ቆጠረ። ሰው ሁሉ ዜሮ ሲደርስ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ ጠበቀ። ዜሮ ደረሰና ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። አልበሙ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባን።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰዎች ሰብስበው ዘፈኑ፤ በኢንተርኔት በቀጥታ ተላለፈ። በኛ ነሐሴ 30 መሆኑ ነው፤ የአዲስ ዓመት ሰሞን። መጀመሪያ ያሰሙት «ዘ ኤምፕቲነስ ማሽን»ን ነው። ይህን ዘፈን በደንብ ልብ ብላችሁ ስሙት። የመጀመሪያውን ክፍል ማይክ ብቻውን ይዘፍነዋል። አዝማቹንም እሱ ነው የሚለው። አድማጩ «ይኸው፣ ማይክ ራሱ ዘፋኝ ሆነ» ብሎ ሊደመድም ሲል በሁለተኛው ክፍል ላይ የሴት ድምፅ ይገባል። ኤሚሊ ናት። «ዴድ ሳራ» በሚባል የሎስ አንጀለስ ባንድ ውስጥ ስትዘፍን የኖረች ናት፤ ለሙያው አዲስ አይደለችም።

እኔ ይህን አገባብ በጣም ነው የማደንቀው። ንግግር አላደረጉም። «እባካችሁ ተቀበሏት» አላሉም። ሁላችንም የምናውቀው ሰው ጀመረ፤ እሷ ተከተለች። አዲስ ሰው ወደ ሐዘን ቤት ሲገባ በዘመድ ተይዞ ነው የሚገባው። ዘፈኑም እንደዚያ ነው የተሠራው። ቲቸር እንኳን ይህን ይቀበላል። «ብልህ ናቸው» ይላል። «ብልህ» የሚለውን ቃል የሚጠራበት መንገድ ግን ደስ አይልም።

አልበሙ ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ወጣ። 11 ትራክ ነው፤ አንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳን የማይሞላ መግቢያ ነው። ጠቅላላው 32 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአልበሞቻቸው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። ይህ እጥረቱ ብዙ ሰው አላስደሰተም። ሰባት ዓመት ጠብቆ ግማሽ ሰዓት! እኔ ግን ወደድኩት። የሚናገሩትን ተናገሩ፤ አቆሙ። ከርዝመት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ።

አልበሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘፈን አለ። አንደኛው ዓይነት ወደ ኋላ ያያል። «ቱ ፌስድ» ለምሳሌ በቀጥታ ከ2000 የመጣ ይመስላል። የባንዱ ዲጄ የጆ ሃን የሸክላ ፍተጋ፣ የማይክ ራፕ፣ የጊታሩ ክብደት፣ ሁሉም በቦታው አለ። «ከት ዘ ብሪጅ» ሲጀምር ከበሮው «ብሊድ ኢት አውት»ን ያስታውሳችኋል። እነዚህ ዘፈኖች መጥፎ አይደሉም። ሰውነት ያነቃንቃሉ። ግን ስሰማቸው አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ «አየህ? አሁንም እኛው ነን» የሚለኝ ይመስለኛል። አሮጌውን አድናቂ ለማባበል የተሠሩ ናቸው። ማባበሉ ይሰማል።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ወደፊት ያያል፤ አልበሙ ዋጋ ያለውም በነዚህ ነው። «ኦቨር ኢች አዘር» ላይ ኤሚሊ ብቻዋን ትዘፍናለች። ራፕ የለም። ጩኸትም የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ቃል እየረገጠ የማይደማመጡበትን ሁኔታ ነው የምትዘፍነው። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ሻካራ ነገር አለ። ቼስተርን አትመስልም። ለመምሰልም አልሞከረችም። «ኦቨርፍሎው» ዝግ ያለ ነው፤ ሙዚቃው ሰፊ ቦታ ይተዋል። «ካዥዋልቲ» ደግሞ በተቃራኒው ፈጣንና ቁጡ ነው፤ ማይክ ራሱ የሚጮህበት። የመጨረሻው «ጉድ ቲንግስ ጎው» ነው። ራሱን ከሰው አርቆ ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ማይክ እዚያ ላይ ያለው ነገር በእድሜ የበሰለ ሰው ንግግር ነው። 20 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን አይጽፍም። «ሃይብሪድ ቲዮሪ» የወጣትነት ንዴት ነበር። «ጉድ ቲንግስ ጎው» ንዴቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው። ከድሮ ባንድ አዲስ አልበም የምጠብቀው ይህን ነው። ያን ጊዜ ሊጽፉት የማይችሉትን ዛሬ ከጻፉ አልበሙ አስፈላጊ ነው። ያንኑ ከደገሙ ግን «ሜቴዎራ» ስልኬ ላይ አለልኝ።

አሁን ወደ መድረኩ ልምጣ። ክርክሩ የሚጋለው እዚህ ነው።

እኛ የቀጥታ ኮንሰርት የምናየው በስልክ ነው። ባንዱ በ2024 ሎስ አንጀለስ፣ ኒው ዮርክ፣ ሃምቡርግ፣ ለንደን፣ ሴኡል፣ ቦጎታ ዞረ። በ2025 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ተጫወተ። ከያንዳንዱ ቦታ አድናቂዎች የቀረጹት ቪዲዮ ይወጣል። እኔ ባለሙያ ከቀረጸው ይልቅ ሕዝብ መሃል ሆኖ በስልክ የተቀረጸውን እመርጣለሁ። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ግን የሰዉ ድምፅ አለበት። ሰዉ የት ላይ እንደሚጮህ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል ይሰማል። ስለ አንድ ባንድ ከዚያ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ከነዚህ ቪዲዮዎች አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። በ2024 ጉዞ ብዙ ምሽት የሚከፍቱት በ«ሰምዌር አይ ቢሎንግ» ነው፤ የ2003 ዘፈን። የሚዘጉት በ«ብሊድ ኢት አውት» ነው፤ የ2007 ዘፈን። የአዲሱ አልበም ዘፈኖች በመካከል ተበትነዋል። «ቱ ፌስድ»ም «ከት ዘ ብሪጅ»ም አልበሙ ላይ ቅር ያሉኝ ዘፈኖች ናቸው። መድረክ ላይ ግን ይነሳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአሮጌዎቹ ጎን ሲቆሙ ስፌቱ አይታይም። ሰዉ ሳይወርድ ከ2003 ወደ 2024 ይሻገራል። ያኔ ለምን እንደተሠሩ ገባኝ። አቋሜን ግን አልቀየርኩም፤ ለመድረክ የሚጠቅም ዘፈን ሁሉ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው አይጠቅምም።

ስለ ጩኸቱም ልናገር። ቼስተር «ጊቨን አፕ» ላይ 17 ሰኮንድ ያህል በአንድ ትንፋሽ ይጮኻል። አድናቂ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ኤሚሊ «ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» ላይ የራሷ ረጅም ጩኸት አላት። ቲቸር አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ በሰዓት ለካው። 16 ገደማ ሆነ። «አንድ ይጎድላታል» አለ። እህቴ ቡናዋን አስቀምጣ «ሰው በሰኮንድ ይለካል እንዴ ቲቸር?» አለችው። ቲቸር ዝም አለ። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆነ በሰኮንድ መለካት ልማዱ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ግን እህቴ ትክክል ናት። የቼስተር ጩኸት የሚያስፈራው ስለሚረዝም አልነበረም። እናቴ በሰዓት ሳትለካ ነው የገባት።

የኔታ እስከዚያ ድረስ በክርክሩ ብዙም አይገባም ነበር። ሲገባ ግን ነገሩን ከሥሩ ነው ያነሳው።

«እናንተ ዜማንና ቅኔን ቀላቅላችሁ ነው የምትጣሉት» አለን።

ምን ማለትህ ነው አልነው። አስረዳን። ዜማ የቅዱስ ያሬድ ነው። ድጓው ላይ ምልክቱ ሰፍሯል። ዛሬ የሚመራው መሪጌታ ነገ ቢያርፍ ሌላው ተቀብሎ ያንኑ ዜማ ይላል። «ይህ ዜማ የእገሌ ስለሆነ ከሱ ጋር ይቀበር» የሚል የለም። ድምፁ ይለያያል፤ አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን ነው። ዜማው ግን የጉባኤው ነው። ቅኔ ሌላ ነው። የተነገረ ቅኔ አይደገምም። ተማሪው የዛሬውን ለዛሬ ይቆጥራል። ነገ ሌላ መቁጠር አለበት። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ጉባኤ ፊት የቆመ ሰው ይታወቅበታል፤ ያፍራል። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳን ቢሆን የራሱ መሆን አለበት።

«‹ነም› ዜማ ሆኗል» አለ የኔታ። «ልጅቷ ተቀብላ ብትመራው ነውር የለውም። እሷን መመዘን የፈለገ ግን ቅኔዋን ይስማ። ቅኔዋ አዲሱ አልበም ነው።»

ጎጃም ውስጥ ተወልደን፣ ዋሸራንና ጎንጅን ዲማንም እየሰማን አድገን፣ ይህ ለኛ አለመታየቱ ገረመኝ። ቲቸር እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልመለሰም።

እኔ ከየኔታ ጋር ብዙው ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም «ነም» መቼ ዜማ እንደሆነ መናገር እችላለሁ። ኦክቶበር 27 ቀን 2017 ባንዱ ሆሊውድ ቦውል ላይ ለቼስተር የመታሰቢያ ኮንሰርት አደረገ። «ነም» ሲደርስ መድረኩ መሃል አንድ ማይክራፎን ብቻውን ቆመ። አበባ ታስሮበታል። የሚዘፍን ሰው የለም። ባንዱ ሙዚቃውን ተጫወተ፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነው። ያን ቪዲዮ ያየ ሰው «ይህ ዘፈን የአንድ ሰው ነው» ሊል አይችልም። በዚያ ምሽት ርስቱ ተላለፈ። ለኤሚሊ ግን አይደለም የተላለፈው፤ ለሕዝቡ ነው። እሷ ሰባት ዓመት ቆይታ መጥታ የምትመራው የሕዝቡን ዘፈን ነው። ዛሬ «ኢን ዚ ኤንድ» ሲጀምር ከስታዲየሙ የሚወጣውን ድምፅ ስሙ። የሷ ድምፅ በዚያ ጎርፍ ውስጥ አንድ ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከየኔታ እለያለሁ። የያሬድ ዜማ ውስጥ የመሪጌታው የግል ቁስል የለበትም። እነዚህ ዘፈኖች ውስጥ አለ። ሁሉም ዘፈን እኩል ለሕዝብ አይተላለፍም። «ፌይንት»ን ማንም ሊዘፍነው ይችላል፤ ለመዝለል የተሠራ ዘፈን ነው። «ዋን ሞር ላይት»ን ግን አስቡት። በካንሰር የሞተች ወዳጃቸውን አስበው የጻፉት ዘፈን ነው። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ወዳጁ የሮክ ዘፋኙ ክሪስ ኮርኔል የሞተ ዕለት ቼስተር በቴሌቪዥን ለሱ ዘፈነው። ድምፁ ሲታነቅ ይሰማል። ከሁለት ወር በኋላ እኛ ያንኑ ዘፈን ለቼስተር ሰማነው። ሦስት ሞት በአንድ ዘፈን ውስጥ ነው ያለው። እኔን ቢጠይቁኝ ይህ ዘፈን ለቼስተር ይተው እላለሁ። መዝፈን አትችልም ብዬ አይደለም። እንዲያውም ጥሩ አድርጋ ትዘፍነው ይሆናል። አንዳንድ ነገር ግን ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሂድ። ቲቸርም የሚሰማው ሕመም እዚህ ላይ ትክክል ነው። ችግሩ በሁሉም ዘፈን ላይ ማሰራጨቱ ነው።

ስለ ሌሎቹ የባንዱ አባላትም ሰው ብዙ አይናገርም። ከበሮ መቺው ሮብ ቦርደን አልተመለሰም፤ በሱ ቦታ ኮሊን ብሪተን አለ። ጊታሪስቱ ብራድ ዴልሰን አልበሙ ላይ ይጫወታል፤ መድረክ ላይ ግን አይወጣም፣ አሌክስ ፌደር ይተካዋል። እነዚህ ለውጦች ማንንም አላስቆጡም። ዘፋኝ ሲቀየር ግን ሰው ይቆጣል። የሰው ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ልንክደው አንችልም።

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ ነበር፤ ፓሪ ሴንት ዠርሜን ከኢንተር ሚላን። ከጨዋታው በፊት መድረኩን የያዘው ሊንኪን ፓርክ ነው። ቤታችን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ጨዋታው በኛ ምሽት 4 ሰዓት ስለነበር ማምሸት የቻለው የግቢያችን ሰው ብቻ ነው። እኔና እህቴ ኳሱን ረስተን ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግተናል። ኤሚሊ ስትወጣ እህቴ እጄን ጨመቀችኝ። ከኋላችን ያሉት «ይቺ ማናት?» ይላሉ። «የኛ ዘፋኝ ናት» አለቻቸው እህቴ። «የኛ» ማለቷ ለኔ ከአልበሙም በላይ ነበር። ዝግጅቱ አጭር ነበር። ፓሪስ 5 ለ 0 አሸነፈ። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ስለ አምስቱ ጎል ሲያወራ እኛ የምናወራው ስለዚያች አጭር ጊዜ ነበር።

ያን ምሽት ኤሚሊ ፊቱ የቆመችው ሕዝብ የራሷ አልነበረም። አብዛኛው ኳስ ሊያይ የመጣ ነው። የባንዱ አድናቂ የሆነውም ግማሹ ቼስተርን እያሰበ ነው የሚያያት። በየምሽቱ እንደዚህ ነው የምትቆመው። በየምሽቱ ከሞተ ሰው ጋር ትነጻጸራለች። የሞተ ሰው ደግሞ አይደክመውም፣ ድምፁ አይዘጋም፣ አይሳሳትም፤ ሁልጊዜ በጣም ጥሩ በነበረበት ቀን ነው የምናስታውሰው። ቼስተር ራሱ በሕይወት እያለ መድረክ ላይ ድምፁ የሚደክምበት ምሽት ነበረው። በስልክ የተቀረጹ ያን ጊዜ ቪዲዮዎች አሉ፤ ቲቸርም አይቷቸዋል። ያኔ ወደድነው እንጂ አልፈረድንበትም። ለሷም ያንኑ ልብ እንስጣት ነው የምለው።

በግንቦት 2025 አልበሙ ሦስት ዘፈን ተጨምሮበት እንደገና ወጣ፤ «አፕ ፍሮም ዘ ቦተም»፣ «አንሻተር» እና «ሌት ዩ ፌድ»። እህቴ «አንሻተር» ከአልበሙ ሁሉ ይበልጣል ትላለች። የኔታ «አፕ ፍሮም ዘ ቦተም» ይሻላል ይላል። ሱቁ ውስጥ ፎቶ ኮፒ እያነሳ ነው የሚሰማው፤ ደንበኛ ሲገባ ድምፁን ይቀንሳል፣ አያጠፋም። ቲቸር ሦስቱንም እንዳልሰማቸው ይናገራል። እኔ ግን አንድ ቀን ከርቀት ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ አልናገርም።

ገና ያልሰማችሁት ካላችሁ በ«ቱ ፌስድ» አትጀምሩ፤ ከድሮው ጋር ማወዳደር ውስጥ ትገባላችሁ። በ«ኦቨር ኢች አዘር» ጀምሩ። ቪዲዮውን ተዉት፣ ድምፁን ብቻ ስሙ። ከዚያ ወደ «ጉድ ቲንግስ ጎው» እለፉ። ሁለቱን ከወደዳችሁ አልበሙን ከመጀመሪያ አንስታችሁ ሳታቋርጡ ስሙት፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ኮንሰርቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ቲቸርን ብትጠይቁት ደግሞ «መጀመሪያ ‹ሜቴዎራ›ን ስሙ» ይላችኋል። እሱንም ስሙት።